«ትንፋሽ ውሰድ» ማለት ለምን አይሠራም? ለሚንተባተብ ልጅ የትንፋሽ፣ የዮጋና የአስተውሎት ልምምድ በቅደም ተከተል

«ትንፋሽ ውሰድ፤ ቀስ ብለህ ተናገር።» የሚንተባተብ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ሳይል የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ምክሩ ከፍቅር ይመጣል። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ቃል ይዞት እየታገለ ያለ ልጅ ይህን ሲሰማ አየር በኃይል ይስባል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ጉሮሮው ይዘጋል። ቃሉ ይብስበታል። ውሎ አድሮም ትንፋሽ የሚባለውን ነገር ራሱን ይጠላዋል።

እኔ የንግግር ቴራፒስት ነኝ። ዮጋንና ማይንድፉልነስ የሚባለውን አስተውሎት ከንግግር ልምምዱ ጋር አብሬ እሠራለሁ። ወላጆች ቪዲዮ አይተው እቤት ይሞክሩትና «እኛ ጋ አልሠራም» ብለው ይመጣሉ። ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ስህተት አንድ ነው፦ ቅደም ተከተሉ ተዘሏል። መጀመሪያ ሰውነት ይላላል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ቃል፣ መጨረሻ ላይ ወሬ። አብዛኛው ሰው ከትንፋሽ በቀጥታ ወደ ወሬ ይሄዳል።

መመሪያው ከ7 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ከ7 ዓመት በታች ላሉት ሕክምናው ሌላ ስለሆነ ይህን አትጀምሩባቸው፤ ቴራፒስት ያማክሩላቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ዮጋ መንተባተብን አያድንም። መንተባተብ የሚመነጨው አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ነው፤ ከዘር መውረዱም የታወቀ ነው። እናት ስለተቆጣች፣ ልጁ ስለደነገጠ ወይም ሁለት ቋንቋ ስለተማረ አይመጣም። ልምምዱ የሚቀንሰው በቃሉ ላይ የተደረበውን ትግል ነው፤ መጫኑን፣ መጨበጡን፣ ዓይን ማርገብገቡን፣ ከቃል መሸሹን። ለልጁ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ጤናውን አረጋግጡ። አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር ካለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ። ይህን አትለፉት። ቶሎ ቶሎና በኃይል መተንፈስ አንዳንድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶችን ሊቀሰቅስ ይችላል።

2. ሰዓት ምረጡ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ሆዱ ሞልቶ እያለ ወይም ከተቆጣችሁት በኋላ አታሠሩት። ልምምዱ ቅጣት መስሎ ከተሰማው መመለሻ የለውም።

3. ዕቃ አዘጋጁ። ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ጋቢ፣ አንድ ትራስ፣ በላስቲክ የታሰረ ግማሽ ኪሎ ሩዝ። የእናንተ ስልክ ሌላ ክፍል ይቆይ።

4. ከቤተሰቡ ጋር ተስማሙ። እህት፣ ወንድም፣ አያት፣ የቤት ሠራተኛ ሁሉም ይስሙ። ቃሉን አትጨርሱለት። «ቀስ በል» አትበሉት። እንግዳ ፊት «እስቲ ግጥምህን በልላቸው» አይባል። ሲናገር ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት፤ ጨርሶ ሲያበቃ ስለተናገረው ነገር መልሱለት። ቤቱ በዚህ ካልተስማማ የቀረው ልምምድ ብዙ አይራመድም።

5. የእምነት ጥያቄ ካለ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ዮጋ መነሻው ሕንድ ነው፤ ከሃይማኖት ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ብዙ ቤተሰብ ይከብደዋል። ስጋቱን አታጣጥሉ። እዚህ የምንጠቀመው እንቅስቃሴውንና ትንፋሹን ብቻ ነው። የሚደገም ቃል የለም፣ መዳፍ ማጋጠም የለም፣ የሳንስክሪት (የጥንት የሕንድ ቋንቋ) ስም አያስፈልግም። «ሰውነት ማፍታቻ» በሉት። ከአባት ወይም ከአያት ተደብቃችሁ ግን አታሠሩት። ልጁ የሚደበቅ ነገር ካየ የሚያሳፍር ነገር አለብኝ ብሎ ይደመድማል።

ደረጃ 1፦ መጨበጥና መልቀቅ (የመጀመሪያው ሳምንት)

በዚህ ሳምንት ንግግር የለም። ልጁ የሚማረው የተወጠረ ሰውነትና የላላ ሰውነት ልዩነቱ ምን እንደሚመስል ነው። ይህን ካላወቀ «ዘና በል» የሚለው ቃል ትርጉም አይሰጠውም።

በጀርባው ይተኛ፤ ወንበር ላይ መቀመጥም ይቻላል። ዓይን መጨፈን የሚጨንቀው ከሆነ አታስገድዱት፤ ጣሪያው ላይ አንድ ነጥብ ይመልከት።

1. «እጅህን ጨብጥ» በሉት። እስከ 5 ቁጠሩ። «ልቀቅ» በሉና እስከ 10 በልባችሁ ቁጠሩ። በዚህ መሃል ምንም አትናገሩ።
2. ትከሻውን ወደ ጆሮው ይስብ፤ ይልቀቅ።
3. ግንባሩንና ዓይኑን ያጨማድድ፤ ይልቀቅ።
4. «መ» ሊል እንደሆነ ከንፈሩን ይግጠም፤ ድምፅ ሳያወጣ ይጫን። ይልቀቅ።
5. «ደ» ሊል እንደሆነ የምላሱን ጫፍ ከላይኛው ጥርሱ ጀርባ ያስጠጋ፤ ይጫን። ይልቀቅ።
6. አሁን ሁሉንም በግማሽ ኃይል ይድገም። ከዚያ ነካ ብቻ እስኪያደርግ ይቀንስ።

ቁልፉ ስድስተኛው ነው። ሙሉ በሙሉ መጨበጥ ማንም ይችላል። ከንፈሩን ነካ አድርጎ ማቆም የቻለ ልጅ በኋላ «ማታ» የሚለው ቃል ላይ የሚፈልገውን ችሎታ ይዟል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አንገትና መንጋጋ በኃይል አይወጠሩም። ጥርሱን እንዲነክስ አታድርጉት።

ደረጃ 2፦ ሦስት እንቅስቃሴዎች (ሁለተኛው ሳምንት)

ደረጃ 1ን ሁለት ደቂቃ ሠርታችሁ ወደዚህ እለፉ። እናንተም አብራችሁ ሥሩ። ቆሞ የሚያዝ ወላጅ ሲኖር ልጁ ፈተና ላይ ያለ ይመስለዋል።

ተራራ። እግሩን በዳሌው ልክ ከፍቶ ይቁም። ጉልበቱ አይገተር። እጁ ወደ ታች፣ ዓይኑ ፊት ለፊት። የሁለቱን እግሮቹን ተረከዝ እንዲያዳምጥ ንገሩት፤ ክብደቱ የትኛው ላይ ነው? አምስት ጊዜ በተለመደው አተነፋፈሱ ይተንፍስ። ይህን አቋቋም ኋላ ክፍል ውስጥ መልስ ሊሰጥ ሲነሳ ማንም ሳያውቅበት ይጠቀምበታል።

ድመት። በእጁና በጉልበቱ ይቁም። አየር ሲያስገባ ሆዱን ወደ መሬት ያውርድ፣ ደረቱን ወደ ፊት ያውጣ። ሲያስወጣ ጀርባውን እንደ ድመት ያጉብጥ። ስድስት ጊዜ። ትንፋሹ ከእንቅስቃሴው ጋር ካልገጠመ አታርሙት፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በራሱ ይገጥማል።

አንበሳ። ተንበርክኮ በአፍንጫው አየር ያስገባ፣ አፉን ከፍቶ ምላሱን ወደ አገጩ ያውጣ፣ «ሃ» ብሎ ያለ ድምፅ ያስወጣ። ሦስት ጊዜ ብቻ። ልጆች ይህን ሲሠሩ መጮህ ይወዳሉ፤ ጩኸት ግን ጉሮሮ ይጎዳል። ድምፁ ሻከር ያለ ልጅ አንበሳን ይዝለለው።

ሲጨርስ ትራሱን አቅፎ ወደ ፊት ይተኛበት። አንድ ደቂቃ።

እግረ መንገዴን፦ ፊኛ ማስነፋትና ምላስ ማሽከርከር መንተባተብን ይፈታል የሚሉ ቪዲዮዎች በዝተዋል። ጊዜያችሁን አታባክኑባቸው። ምላሱ አልደከመም።

ደረጃ 3፦ ትንፋሽ (ሦስተኛው ሳምንት)

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «በረጅሙ ሳብ» ይሉታል። ነገሩን ከሥሩ ተረዱት። ዝም ብለን ስንቀመጥ አየር የምናስገባበት ጊዜ ከአንድ ሙሉ ትንፋሽ 40 በመቶ ያህል ነው። ስንናገር ግን ማስገባቱ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ የቀረው ሁሉ ማስወጣት ነው። ስለዚህ ንግግር የሚፈልገው አጭርና ቀላል ማስገባት፣ ረጅምና የተረጋጋ ማስወጣት ነው። ደረቱን ጢም አድርጎ የሞላ ልጅ አየሩ እንዳያመልጠው ጉሮሮውን ይዘጋል። ከዚያ ቃሉ የት ይውጣ?

1. በጀርባው ይተኛ። የሩዙን ላስቲክ እምብርቱ ላይ አስቀምጡ።
2. በአፍንጫው ያስገባ፤ ሩዙ ከፍ ይበል። ደረቱ ብዙ አይንቀሳቀስ።
3. በትንሹ በተከፈተ አፍ ያስወጣ፤ ሩዙ ዝቅ ይበል።
4. ሲገባ እስከ 3፣ ሲወጣ እስከ 4 ቁጠሩ። ከተመቸው ማስወጫውን ወደ 5 አሳድጉ።
5. በመሃል ትንፋሽ ማመቅ የለም። አዋቂዎች የሚሠሩትን ትንፋሽ ይዞ የመቆየት ልምምድ ልጅ ላይ አታምጡ።
6. 8 ጊዜ ከሠራ በኋላ ይበቃል። ለሁለት ቀን ተኝቶ፣ ለሁለት ቀን ተቀምጦ፣ ከዚያ ቆሞ ይሥራው።

ማስጠንቀቂያ፦ ራሱን ካዞረው፣ ጣቱን ወይም ከንፈሩን ከነዘረው አብዝቶ ተንፍሷል። ወዲያው አቁሙ፣ ይቀመጥ፣ በተለመደው አተነፋፈሱ ይተንፍስ። በማግስቱ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ።

ሩዙ ካልተነሳ፦ እጃችሁን ሆዱ ላይ አድርጉና «እጄን ግፋ» በሉት። አሁንም ደረቱ ብቻ የሚነሳ ከሆነ በደረቱ ተኝቶ ግንባሩን እጁ ላይ ያስደግፍ። ሆዱ መሬቱን ሲገፋ ይሰማዋል።

ደረጃ 4፦ ድምፅ (አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት)

ትንፋሹ መውጣት ሲጀምር ድምፅ ቀስ ብሎ ይሳፈርበታል። ይህ ሙሉው ምስጢር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ስጡት።

ንብ። ከንፈሩን ሳይጫን ይግጠም፣ በአፍንጫው ያስገባ፣ «ምምም» እያለ ያስወጣ። እጁን ጉንጩና አፍንጫው ላይ ያድርግ፤ ንዝረቱ ይሰማዋል። ንዝረቱ ጉሮሮው ላይ ብቻ ከሆነ እየገፋ ነው፤ ድምፁን ይቀንስ። አምስት ጊዜ።

እፎይታ። ደክሞት እንደተቀመጠ ሰው «ህአአ» ይበል። መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ድምፅ። ይህን ካወቀ በኋላ በሚከተለው ቅደም ተከተል ወደ ፊደል ሂዱ። በእንግሊዝኛ የተሠራ ዝርዝር አማርኛ ለሚናገር ልጅ አይሆንም፤ እኛ የምናወጣቸው ድምፆች የተለዩ ናቸው።

1. በ«ህ» የሚጀምሩ፦ ሀገር፣ ሆድ፣ ህልም።
2. በ«አ» እና «እ» የሚጀምሩ፦ አበባ፣ እናት፣ እንጀራ። ከፊታቸው የማይሰማ ትንሽ አየር ይቅደም።
3. «ም»፣ «ን»፣ «ል»፣ «ው»፦ ማር፣ ነገ፣ ሎሚ፣ ወተት።
4. «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ»፦ ሰዓት፣ ሻይ፣ ፈረስ።
5. «ብ»፣ «ድ»፣ «ግ»፣ «ት»፣ «ክ»፦ ቤት፣ ዳቦ፣ ገና፣ ተማሪ፣ ኳስ። ከንፈርና ምላስ ነካ ብቻ ያድርጉ።
6. «ቅ»፣ «ጥ»፣ «ጭ»፣ «ጽ»፣ «ጵ»፦ ቀለም፣ ጠረጴዛ፣ ጫማ።

ስድስተኛው መጨረሻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህን ድምፆች የምናወጣው ጉሮሮን ዘግተን አየሩን በማፈንዳት ነው። ለሚታገል ልጅ መዝጋቱ ቀላል ነው፤ መክፈቱ ግን ያስቸግረዋል። «ጠረጴዛ» ላይ «አየሩን ቀድመህ አውጣ» ብትሉት ድምፁ አይፈጠርም። በዚህ ፈንታ የደረጃ 1ን ስድስተኛ ነጥብ አስታውሱት፤ ጫናውን ቀንሶ፣ በጣም አጭር አድርጎ ወደ ተከታዩ ድምፅ ይለፍ።

በቀን 6 ቃል ይበቃል። ሁሉም ቃል በቀላሉ ሲወጣለት ብቻ ወደ ቀጣዩ ረድፍ እለፉ። የቤተሰብ ስሞች ላይ አትቸኩሉ። የራስን ስም መናገር ለሚንተባተብ ሰው ከሁሉ ከሚከብዱት አንዱ ነው፤ በሌላ ቃል ሊተካው አይችልምና።

ደረጃ 5፦ ልብ ማለት (ስድስተኛውና ሰባተኛው ሳምንት)

አስተውሎት ማለት አሁን የሚሆነውን ሳይፈርዱበት ማየት ነው። ልጁ እስካሁን ቃል ሲይዘው ዓይኑን ጨፍኖ ይገፋ ነበር። አሁን እዚያው ቆይቶ ምን እየሆነ እንዳለ ያያል።

ሀ. በጆሮ ጀምሩ። አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የሰማችሁትን ሦስት ድምፅ ተራ በተራ ተናገሩ፦ የጎረቤት ራዲዮ፣ የወፍ ድምፅ፣ ክዳኑን የሚያንኳኳ ድስት። ትክክልና ስህተት የለውም።

ለ. ወደ ሐሳብ እለፉ። «ልትናገር ስትል ምን ይመጣብሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሊስቁብኝ ነው» ሊል ይችላል። «አይስቁም» አትበሉት፤ እውነቱን ነው፣ ሊስቁ ይችላሉ። «'ሊስቁብኝ ነው' የሚል ሐሳብ መጣ» ብሎ እንዲናገረው አለማምዱት። ሐሳቡ እያለም መናገር እንደሚቻል ቀስ በቀስ ይገባዋል።

ሐ. ሆን ብላችሁ ተንተባተቡ። መጀመሪያ እናንተ ናችሁ። «ዳቦ» በሉና «ድ» ላይ ምላሳችሁን ተጭናችሁ ያዙ። ልጁ እንዲያይ አድርጉ። ከዚያ፦

1. መግፋት አቁሙ፤ ምላሳችሁን ግን ከቦታው አታንሱ።
2. ውጥረቱ የት እንዳለ ልብ በሉ። ምላስ? ጉሮሮ? ሆድ?
3. ጫናውን ቀንሱ፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ነካ።
4. ከዚያው ቦታ ተንሸራታችሁ ውጡ፦ «ድ...ዳቦ»።

ቃሉን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ከሥር አትጀምሩ። መልሶ መጀመር ሽሽት ነው፤ ልጁ ሽሽቱን ይለምደዋል። ከዚያ ተራው የእሱ ነው፤ የማይከብደው ቃል ላይ የውሸት ይንተባተብና በእነዚህ አራት እርምጃዎች ይውጣ። በውሸቱ ሳይመችው ወደ እውነተኛው አትሂዱ።

ወላጅ በልጁ ፊት ሆን ብሎ መንተባተብ መጀመሪያ ይከብደዋል፤ እንባ የሚመጣባቸው እናቶች አሉ። ግን አድርጉት። ልጁ መንተባተብ የሚታፈርበት ነገር እንዳልሆነ በዓይኑ የሚያየው ያኔ ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ውጭ

መሰላል ሥሩ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ልጁ ራሱ ይደርድረው። የብዙዎቹ እንዲህ ይመጣል፦ ብቻውን፣ ከእናቱ ጋር፣ ከወንድሙ ጋር፣ ከአያቱ ጋር፣ በስልክ፣ ሱቅ፣ ክፍል ውስጥ። አንዱ ሳይቀለው ወደ ሌላው አትውጡ።

ሱቅን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እቤት ባለሱቁን ሆናችሁ ተጫወቱ። ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት አብራችሁ ሂዱ፤ እናንተ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቁሙ። ልጁ በተራራ አቋቋም ይቁም፣ ተረከዙን ያዳምጥ፣ በተለመደው ትንፋሽ «ጋሼ፣ ሁለት ዳቦ ይስጡኝ» ይበል። «ሁለት» ላይ ከያዘው አትግቡበት። ባለሱቁ ቢቸኩል እንኳ አትናገሩለት። ሲወጣ «አልተንተባተብክም!» ብላችሁ አታመስግኑት። «የፈለግከውን ገዛህ» በሉት። ምስጋናው አለመንተባተብ ላይ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመርጠው ዝምታን ነው።

ሲበላሽ

ይስቃል፣ ይቀልዳል። ተዉት። የሚስቅ ሰውነት የላላ ነው። እንቅስቃሴውን ግን አብራችሁ ቀጥሉ።

አልሠራም ይላል። ለሦስት ቀን ተዉና እናንተ ብቻችሁን ሥሩ። ከተመለሰ እንቅስቃሴውን እሱ ይምረጥ። ካልተመለሰ አትለምኑት፤ ከወር በኋላ ሞክሩ።

መንተባተቡ ጨመረ። መንተባተብ በራሱ ከፍና ዝቅ ይላል። ፈተና፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በዓልና እንግዳ ሲበዛ ይብሳል። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና አንድ ሳምንት እዚያ ቆዩ።

እቤት ይሠራል፣ ትምህርት ቤት አይሠራም። መሰላሉ ላይ አንድ ደረጃ ተዘሏል። መምህሩን አነጋግሩ፤ በስም ተራ በመጠራት ፈንታ ልጁ እጁን ሲያወጣ ብቻ ይጠየቅ። ተራ መጠበቅ ጭንቀቱን ያከማቻል።

መንተባተቡ ጠፋ፣ ልጁ ግን ዝም አለ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ ልጁ ግን ቃል እየለወጠ፣ አጭር እየመለሰ፣ «አላውቅም» እያለ እየተደበቀ ነው። እየተንተባተበ የሚያወራ ልጅ ዝም ካለው በጣም የተሻለ ሁኔታ ላይ ነው። ይህን ካያችሁ ልምምዱን አቁሙና ቴራፒስት ፈልጉ።

ሳትዘገዩ ባለሙያ ጋ የምትሄዱበት ጊዜ

- መንተባተቡ ከ6 ወር በላይ ከቆየ፤
- ከቤተሰቡ ውስጥ በአዋቂነቱ የሚንተባተብ ሰው ካለ፤
- ሲናገር ፊቱ ከተወጠረ፣ ራሱን ከነቀነቀ ወይም እግሩን ከመታ፤
- ትምህርት ቤት መሄድ ከጠላ፤
- ከጭንቅላት ጉዳት ወይም ከሕመም በኋላ በድንገት ከጀመረ። ይህኛው በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጁ 3 ዓመት ከሞላው የመንግሥት ትምህርት ቤቱን የንግግር ምርመራ በነፃ እንዲያደርግለት በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ምርመራው አማርኛውንም እንዲያካትት ጠይቁ። «እቤት እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» የሚላችሁ ካለ አትስሙት፤ አማርኛ መተው መንተባተብን አይቀንስም፣ ልጁን ከአያቱ ግን ይለየዋል።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ ልጁ እቤት በነፃነት ሲያወራ የተቀረጸ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ፣ መንተባተቡ መቼ እንደጀመረ የሚገልጽ ማስታወሻ፣ እና ልጁ ራሱ የደረደረው መሰላል። ቪዲዮውን ስትቀርጹ ልጁን አስፈቅዱት።